የአላውቅም አምባሳደር

አዋቂ እንደ አሸዋ በበዛበት በዚህ ዘመን አንድ የማያውቅ ሰው ከነሕይወቱ መገኘቱ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ የሚከተለውን ታሪክ በታላቅ አክብሮት፣ ኮፍያ ያለን ኮፍያችንን አውልቀን፣ ኮፍያ የሌለን ጭንቅላታችንን ዝቅ አድርገን እናቀርባለን።

ሰውየው የውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቷል። የከተማው ሰው የሚያውቀው ከወገቡ በላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁልጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ነዋ። ክንድ የሚያህል የብረት መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ጋሽ መፍቻ» ይለዋል። የትኛው ቧንቧ በማን አጥር ሥር እንደሚያልፍ፣ የትኛው የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ወደ ቀኝ፣ የትኛው በእልኸኝነት ወደ ግራ እንደሚዞር፣ ሰው የልጆቹን ጠባይ እንደሚያውቅ ያውቃል። ይህ ሁሉ እውቀት ግን ለአንድ ቀን እንኳ ለዝና አላበቃውም። እንዴትስ ያበቃዋል? የፈነዳ ቧንቧ ሰው ከቦ ያየዋል እንጂ ያልፈነዳ ቧንቧ ማን ቆሞ ያደንቃል?

ለዝና ያበቃው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አደባባዩ ጥግ፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ትልቁ የውሃ መስመር ፈነዳ። ውሃው ተወንጭፎ ፎቅ ላይ ያለውን የጥርስ ሐኪም መስኮት ለመጀመሪያ ጊዜ አጠበው። ከአደባባዩ በላይ ያለው ሰፈር ሁሉ ደረቀ። አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራ አስይዛ መጥታ ማብራሪያ የሚሰጥ አካል ፈለገች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ምክትላቸው ስለ ስብሰባ አመራር ሥልጠና ላይ ነበሩ። የሕዝብ ግንኙነት ሹሙ ደግሞ ከሕዝብ ጋር ላለመገናኘት ስልካቸውን አጥፍተው ነበር። የቀረው አካል ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የገባው ጋሽ መፍቻ ብቻ ነው። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን ወደ ታች ሰደደችለት።

«ጋሼ፣ የፈነዳው ለምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለ ጋሽ መፍቻ፣ ጭቃውን ከቅንድቡ እየጠረገ። «ገና እየቆፈርኩ ነው።»

«ውሃውስ መቼ ይመለሳል?»

«አላውቅም።»

«ችግሩን ለመፍታት መሥሪያ ቤታችሁ ምን አቅጣጫ አስቀምጧል?»

«እሱን እንኳ ጭራሽ አላውቅም። በይ ልጄ ፈቀቅ በይ፣ አፈሩ ይናድብሻል።»

ይኸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ።

የአገሩ ሰው የመሥሪያ ቤት ልብስ የለበሰ ሰው በቴሌቪዥን ሲናገር ብዙ ሰምቷል። «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት በአጭር፣ በመካከለኛና በረጅም ጊዜ» ሲባል ሰምቷል። «ርብርብ እየተደረገ ነው» ሲባል ሰምቶ ተረባራቢዎቹን ፈልጎ አጥቷል። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ በሕዝብ ፊት ደረቱን ሳይነፋ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ «አላውቅም» ሲል ሰምቶ አያውቅም። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከሶፋቸው ተነሥተው ለቴሌቪዥኑ እንዳጨበጨቡ ባለቤታቸው መስክረዋል። እስከ ምሳ ድረስ የከተማው ግማሽ በስልኩ አየው፤ እስከ እራት ሌላው ግማሽ አየው፤ ያላየው «አይቻለሁ» ብሎ ዋሸ፤ ስለ ሐቀኝነት የሚወራ ወሬ እንዴት ያምልጠው?

መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ በፍጥነት እርምጃ ወሰደ። በማግሥቱ ጠዋት የኃላፊው ጸሐፊ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ጽፋ ጨረሰች፦ «በሕዝብ ፊት ቀርበው አላውቅም በማለት የመሥሪያ ቤቱን ስም ስላስጠሩ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።» ደብዳቤው ለፊርማ ሲቀርብ ስልክ ጮኸ። ከበላይ ነበር። የበላዩ አካል እንዲህ ዓይነት ሐቀኛ ሠራተኛ ስላፈሩ ኃላፊውን እንኳን ደስ አለዎት አሏቸው። ኃላፊው ስልኩን ቆመው አነጋገሩ፤ ቆመው ዘጉ፤ ከዚያም ደብዳቤው ላይ «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ሰርዘው «ምስጋና» አሉበት። የቀረውን መንካት አላስፈለገም። ጋሽ መፍቻም በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥብቅ ምስጋና ደረሰው።

በሦስተኛው ቀን ከጉድጓዱ አውጥተው አራተኛ ፎቅ ወሰዱት። የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ ኮትና አንድ ማዕረግ ሰጡት፦ የግልጽነት አምባሳደር።

«ጉድጓዱስ?» አለ ጋሽ መፍቻ፣ ኮቱ ብብቱ ሥር እያጠበቀው።

«ጉድጓዱ የትም አይሄድም» አሉ ኃላፊው። በዚህ ንግግራቸው የዋሹት አንድም ነገር አልነበረም። ጉድጓዱ የትም አልሄደም። ዙሪያውን ቀይ ገመድ ተወጠረበት፣ ጥበቃ ተመደበለት፣ ሰው ወረፋ ይዞ ከጎኑ ፎቶ ይነሣ ጀመር።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነውና ጋሽ መፍቻም መጀመሪያ አካባቢ ወደደው። ለምን ይዋሻል? ጉልበቱን ቁርጥማት ተወው። ጸጉር አስተካካዩ ፎቶውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ እንደ ሙሽራ ያሰማምረው ጀመር። መንገድ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች «እስቲ አንዴ በላት!» ይሉታል፤ እሱም «አላውቅም» ይላል፤ እነሱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ሃያ ሁለት ዓመት «ውሃው ዘገየ» እያለ ሲሰድበው የኖረ ሰው፣ ውሃ ጭራሽ ባጣ ሳምንት ሲያቅፈው ደስ አለመሰኘት ከሰው በላይ መሆን ነው።

ዝናው ተርፎ ለጎረቤትም ደረሰ። በምስሉ ላይ ከጋሽ መፍቻ ጀርባ የሚታየው ዳቦ ቤት «ከጀርባ የሚታየው ዳቦ ቤት» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። የጥርስ ሐኪሙ «መስኮቱ የታጠበው» ተብሎ ለመጽሔት ተጠየቀ። በአሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛ ያለፈች አንዲት ሴት «ባለጃንጥላዋ» ተብላ ሦስት ቃለ ምልልስ ሰጠች፤ በሦስተኛው ላይ አለቀሰች።

ከሁሉ በላይ ግን የተነሣው የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ነው። ይህ ወንድም «ለጊዜው» ብሎ እነ ጋሽ መፍቻ ቤት ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሶፋው የእሱን ቅርጽ ይዟል። ምስሉ በታየ በሁለተኛው ቀን ከሶፋው ተነሣና «ማናጀር ነኝ» አለ። ሁለት ስልክ ያዘ። በአንዱ ሲደውል በሌላው ያነሣል።

«ጋሼ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይለዋል፣ የኮቱን ኮሌታ እያስተካከለለት። «ዛሬ ጠዋት የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ከሰዓት ሠርግ አለብን።»

«የማን ሠርግ?»

«አላውቅም በል እንጂ! እያለማመድኩህ ነው።»

በጉባኤው ላይ አንድ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የተቀመጠ ሊቅ ተነሥተው ባለ ስድስት ቅርንጫፍ ጥያቄ አቀረቡ። ቅርንጫፎቹ ሲሰበሰቡ «የእርስዎ አለማወቅ ጥልቅ ነው ወይስ ሰፊ?» የሚል ግንድ ወጣቸው። ጋሽ መፍቻ አሰበ፤ ጥያቄው ስላልገባው የመጣለትን ተናገረ። «አላውቅም።» አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሊቁም «በቃ፣ ተመልሶልኛል» ብለው እንባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። በሠርጉም ላይ ማይክሮፎን ሰጥተው «ይህ ትዳር ይዘልቃል?» ብለው ጠየቁት። እንግዳው ሁሉ መልሱን በአንድ ድምፅ አብሮት አለ። ሙሽራው ሳቀ። ሙሽራዋ አልሳቀችም።

እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት አንድ አሳፋሪ ምሥጢር አለ። ጋሽ መፍቻ ያውቅ ነበር።

የዚያን ማክሰኞ አላወቀም፤ ያ እውነት ነው። ረቡዕ ከሰዓት ላይ ግን ዶማው ቫልቩን አገኘው። ቫልቩ ዳቦ ቤቱ ጥግ ሥር፣ ሁለት ክንድ ወደ ታች ነው። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት አልቆ ነበር። አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ማስገባት፣ ብሎኖቹን ማጥበቅ፣ መስመሩን መልሶ መክፈት፤ በቃ፣ የግማሽ ቀን ሥራ። ኀሙስ ጠዋት ሊሠራው ሲል ነው አምባሳደር ያደረጉት።

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሕዝብ ግንኙነት ሹሙ ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ የተበላሸውን አግኝቼዋለሁ። ግማሽ ቀን ይፍቀዱልኝና ልጨርሰው።»

ሹሙ ከወንበራቸው ተነሥተው በሩን ዘጉ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጉ።

«ማን ሰምቷል?»

«ምኑን?»

«ማወቅዎን!»

«ኧረ ማንም። ለባለቤቴ ብቻ ነው የነገርኳት።»

«ሁለተኛ እንዳይደግሙት። ሕዝቡ በእርስዎ አለማወቅ ላይ እምነቱን ጥሏል። ነገ ተነሥተው 'አውቃለሁ' ቢሉ ያ ሁሉ እምነት የት ይግባ?»

«እሺ እኔ ልቅር። ቦታውን ለሌላ ሠራተኛ ላሳየውና እሱ ይሥራው።»

«ማን አሳየህ ሲባልስ?» አሉ ሹሙ።

ጋሽ መፍቻ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንት የዛገ ብሎን ፈትቷል፤ እንዲህ ዓይነት ግን ገጥሞት አያውቅም።

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ከልብስ ስፌት ማሽኗ አጠገብ አልነበረችም። ከታች ሰፈር ሁለት ጀሪካን ተሸክማ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌቷ ጠብ የሚል አይደለም። አሁን ግን ቀኗን የሚበላው የውሃ ወረፋ ነው። እዚያም «የአላውቅም ሚስት» ብለው ያወጡላት ስም ተራዋን አላስቀደመላትም፤ ይልቁንም ፎቶ ሲያስነሷት ሁለት ጊዜ ተራዋ አልፏታል።

«አምባሳደር» አለችው። በስሙ ከጠራችው ሁለት ሳምንት ሆኗታል። «ክብርዎን የማይነካ ከሆነ ይቺን ጀሪካን ያውርዱልኝ።»

ኮቱን ሳያወልቅ አወረደላት።

«አንተ፣ ቫልቩ ዳቦ ቤቱ ጥግ ሥር ነው አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ጎማው ነው ያለቀው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«አልተፈቀደልኝም።»

«ማወቅ ነው ያልተፈቀደልህ?»

«ማወቁ እንኳ በግል ይቻላል ነው የሚሉት። የተከለከለው ማሳወቁ ነው።»

ባለቤቱ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ የጀሪካኑን ክዳን ከፈተች፣ አንድ ኩባያ ቀዳች፣ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ጠጣ» አለችው። «ሦስት ሰዓት የተሰለፍኩበት ነው። ጣዕሙን እየው።» ወንድሟ ከሶፋው ላይ «እህቴ፣ ብራንዱን አትጉጂው» አለ። እሷም መቀሱን ስታነሣ ወደ በረንዳ ወጣ።

ጋሽ መፍቻ ውሃውን ጠጣው። ጀሪካን ጀሪካን አለው።

እንዲያም ሆኖ ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ድረስ ከወንበሩ አልወረደም። ያወረደችው አንዲት አዋላጅ ናት። ከአደባባዩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ካለው ጤና ጣቢያ በእግሯ ወርዳ፣ አራት ፎቅ በደረጃ ወጥታ ገባች። ማናጀሩ እንደ ልማዱ ስልኩን አውጥቶ «ለፎቶ ከሆነ በዚህ በኩል ይቁሙ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው» አላት። አላየችውም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በውሃ ፈንታ በአልኮል ከመታሸት ብዛት ቆዳቸው ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኗል።

«ጋሽ መፍቻ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ።»

«ትናንት የወለደች እናት ነበረችኝ። ሕፃኑን በታሸገ ውሃ አጠብኩት። ጠርሙሱ ላይ የእርስዎ ፎቶ አለ፤ 'አላውቅም፣ ግን ይጠማኛል' ይላል። ዛሬ ደግሞ ሦስት ሴቶች አልጋ ላይ አሉኝ፤ ጠርሙስ አልቆብኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?»

«አላ…» አለ ጋሽ መፍቻ። ምላሱ ለምዶ ነው። ቃሉ ግን ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀረ። ማናጀሩ ሊያጨበጭብ ያነሣቸው እጆች አየር ላይ ቀሩ። ሴትየዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። እንደ ሐኪም፣ እጆቿን ከጠረጴዛው ሳታነሣ ጠበቀች። እነዚያ እጆች ናቸው የረቱት።

«ኀሙስ» አለ ጋሽ መፍቻ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኀሙስ ከምሳ በፊት።»

ኀሙስ ታላቅ ቀን ነበር። ጉድጓዱ የተቆፈረበት አንደኛ ወር «የግልጽነት ቀን» ተብሎ በቦታው እንዲከበር ተወስኗል። ድንኳን ተተከለ። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ መድረክ ተሠራ። ባለጃንጥላዋ በክብር እንግድነት፣ ዳመና እንኳ በሌለበት፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ኃላፊው ባለ አሥራ አራት ገጽ ንግግራቸውን ከፈቱ።

«ክቡራን እንግዶች! ይህ ጉድጓድ ተራ ጉድጓድ አይደለም። ይህ ጉድጓድ ወደ ታች የተቆፈረ ቢመስልም ወደ ላይ የሚያሻግረን ነው…»

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጋሽ መፍቻ ከፊት ወንበር ተነሣ። ኮቱን አወለቀ። ማናጀሩን «ያዝልኝ» አለው። ከወንበሩ ሥር የመሣሪያ ቦርሳውን ሳበ፣ ቀዩን ገመድ ተሻገረ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ወረደ። ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ከሥር መዶሻ ሲሰማ ጭብጨባው ሳሳ። ኃላፊው ስድስተኛውን ገጽ ለሁለተኛ ጊዜ አነበቡት።

ያቺው ጋዜጠኛ እየሮጠች መጥታ ማይክሮፎኑን እንደ ገና ወደ ታች ሰደደችው።

«ጋሽ መፍቻ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየጠገንኩ።»

«ችግሩ ምን እንደሆነ ያውቃሉ እንዴ?»

ማናጀሩ ኮቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ጭንቅላቱን በልመና ይነቀንቃል።

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ መፍቻ። «የቫልቩ ጎማ አልቋል። ይኸው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ።»

ከሕዝቡ መሀል የወጣው ድምፅ ውሃ የጠማው ሰው ድምፅ አይደለም፤ የተካደ ሰው ድምፅ ነው። «ያውቃል!» አለች አንዲት ሴት፣ ባሏን ከሌላ ጋር ያገኘች ይመስል። «ወር ሙሉ ሲያታልለን!» አለ ሌላው። ባለጃንጥላዋ ጃንጥላዋን አጥፋ «ድሮም ጠርጥሬው ነበር፤ አስተያየቱ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነበር» ስትል ለአራተኛ ጊዜ ቃለ ምልልስ ሰጠች። ኃላፊው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው «ሠራተኛችንን ትንሽ አሞታል» አሉ። ማናጀሩም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ «ጋሼ ውጣ! ሰው እያየህ ነው!» ይላል።

«ሃያ ሰባት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ» አለው ጋሽ መፍቻ።

«የቱ ነው ሃያ ሰባት?»

«ተወው።»

ሦስት ሰዓት ፈጀበት። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ወንበሩ ተነሣ፣ ከሁለት የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ በቀር ማንም አልቀረም። የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅና ከላይ ያለው መስመር ሲከፈት፣ ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ አሳለ፤ ከዚያ ከመዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠና ሞላ። ጋሽ መፍቻ ጆሮውን ብረቱ ላይ አስደግፎ ጥቂት ቆየ። ከአደባባዩ በላይ ያለው ሰፈር ውሃ አገኘ። ነዋሪውም በመጣው ውሃ ፊቱን ታጠበ፣ ጉሮሮውን አራሰ፣ ከዚያም በአዲስ ጉልበት ተመልሶ ሰደበው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ በሳምንቱ ተሰየመ። ክሱ ሦስት ነበር፦ ያልታዘዘውን በማወቅ፣ ያወቀውን በመሥራት፣ የሠራውንም ሳያስመርቅ ለሕዝብ አገልግሎት በማዋል። ተከሳሹ ሦስቱንም አመነ። ማዕረጉ ተገፎ፣ ወንበሩ ተወስዶ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ጉድጓድ እንዲመለስ ተፈረደበት። «እግዜር ይስጥልኝ» ቢላቸው ኮሚቴውን እንደ መናቅ ተቆጥሮ በማኅደሩ ሰፈረ። ባለቤቱ ግን የዚያን ዕለት በስሙ ጠራችው፤ የኮቱን ስፌት ተርትራም ለስፌት ማሽኗ ጥሩ መሸፈኛ አወጣችለት።

በሌላ ቀን ጤና ጣቢያው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ ተብሎ ተላከ። አዋላጅዋ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና አረፋ ነክራ አገኛት። ቀና ብላ አየችው፤ አወቀችው። «ጋሽ መፍቻ፣ የውሃው ግፊት በዝቷል፣ እየረጨኝ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» አለችው። ወር ሙሉ ከተጨበጨበለት ሁሉ ይህ ቅሬታ ደስ አለው። ዝቅ አደረገላት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለሁላችንም ክብር ነበር። ነገር ግን የአደባባዩ ነዋሪዎች አራት መቶ ፊርማ አሰባስበው ለመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ አቀረቡ። ጉድጓዱ ከተደፈነ ወዲህ ጋዜጠኛ የሚባል ዞር ብሎ አላየንም፤ ከጀርባ የሚታየው ዳቦ ቤትም ከምኑ ጀርባ እንደሚታይ አይታወቅም፤ ስለዚህ ጉድጓዳችን ይመለስልን የሚል ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ጥያቄ በታሪኩ ያልታየ ፈጣን ምላሽ ሰጠ። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ቧንቧ ከማያልፍበት ወገን፣ ደረቅና ንጹሕ ጉድጓድ ተቆፈረ። ውስጡ የሚቆም አዲስ አምባሳደርም በውድድር እንዲመረጥ ተደረገ። አሥራ ሰባት ሰው ተፈተነ። አሥራ ስድስቱ አንድ አንድ ነገር ሲያውቁ ተገኙ። ያለፈው የጋሽ መፍቻ ባለቤት ወንድም ብቻ ነው፤ ፈታኞቹም «ይህስ በጥረት የሚገኝ አይደለም፣ ተሰጥኦ ነው» ሲሉ በቃለ ጉባኤ አሰፈሩ። ከሶፋው በክብር ተሸኘ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ መፍቻ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ በአደባባዩ በኩል አለፈ። ከጥርስ ሐኪሙ ሕንጻ ሥር ውሃ እያዠ ነው ተብሎ ነው የተጠራው። ጉድጓዱን ሰው ከቦታል። አዲሱ አምባሳደር የመሥሪያ ቤት ልብስ ለብሶ፣ ግንባሩ ላይ በብሩሽ ጭቃ ተቀብቶ፣ መፍቻ ዘቅዝቆ ይዞ ወገቡ ድረስ ቆሟል። ያምርበታል፤ እውነት ለመናገር ከጋሽ መፍቻ ይልቅ የቧንቧ ሠራተኛ ይመስላል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አማቹ ወዲያው ቀና ብሎ ሰማዩን ይመረምር ጀመር።

ጋሽ መፍቻ ሰላም ሊለው አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

«አባት!» አለች ከኋላ አንዲት ፎቶ አንሺ፣ ዓይኗን ከካሜራዋ ሳታነሣ። «ዞር ይበሉልን እባክዎ፣ ሠራተኛውን ጋረዱት።»

«ይቅርታ ልጄ» አለ ጋሽ መፍቻ። ዞር አለላትና ውሃ ወደሚያዥበት ሄደ።